የማይደወለው ስልክ፦ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና እና ሦስተኛው መዘግየት

በእናቶች ጤና ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለውን ማዕቀፍ ያውቃል። ታዴየስ እና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስቀመጡት፣ ችግር የገጠማት ወላድ በመጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በመወሰን፣ ቀጥሎ በመንገድ ላይ፣ በመጨረሻም ተቋሙ ከደረሰች በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ ትዘገያለች። በኢትዮጵያ ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት መዘግየቶች ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል፣ አምቡላንሶች ለወረዳዎች ተከፋፍለዋል፣ በጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠርተዋል። ሦስተኛው መዘግየት ሲነሣ ግን በአብዛኛው የሚዘረዘረው ዕቃ ነው፦ ደም፣ መድኃኒት፣ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ፣ መብራት። በዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም የማይገባ አንድ ነገር አለ። እርሱም የሌሊት ተረኛ የሆነ ሬዚደንት ስልክ አንሥቶ ሲኒየሩን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ የሚያመነታበት ጊዜ ነው።

ይህ ማመንታት ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ግለሰብ ጠባይ ነው፤ ሬዚደንቱ ፈሪ ነው፣ ወይም በራሱ ከልክ በላይ ይተማመናል ይባላል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። ማመንታቱ ሥልጠናው ራሱ በአራት ዓመት ውስጥ በትጋት የሚያስተምረው ነገር ነው። ስለዚህም የስፔሻሊቲ ሠልጣኞች ገጠመኝ ከሠራተኛ እርካታ ጥያቄ ተነጥሎ፣ የእናቶች ሕክምና ጥራት ማስረጃ ሆኖ መነበብ ይኖርበታል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 26፣ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 48 ደርሷል። የእናቶች ሞትም በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው፣ በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ በቀላሉ የሚታይ ድል አይደለም። ይሁን እንጂ እናቶች በብዛት ወደ ተቋም በመጡ ቁጥር የሚሞቱትም የሚተርፉትም በተቋሙ ውስጥ ይሆናሉ፤ የመዘግየቱ ክብደትም ከመንደሩ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ይዛወራል። በትልልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌሊት ቆሞ የሚገኘው ሬዚደንት ነው።

የሥልጠናው መስፋፋትም አብሮ መታየት አለበት። ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ የተወሰነው የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ፣ ዛሬ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌ፣ በሐሮማያ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ይሰጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅም ከሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2012 የራሱን ሥልጠና ጀምሯል። የሠልጣኞች ቁጥር ማደጉ አስፈላጊ ነበር፤ ያለ እርሱ የዞን ሆስፒታሎች ስፔሻሊስት ባላዩ ነበር። ነገር ግን ሬዚደንት በአንድ ዓመት ይመለመላል፤ ሌሊት አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያርም መምህር ለማግኘት ግን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያስፈልጋል።

የሚከተለው የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በማንኛውም የማስተማሪያ ሆስፒታል የሠራ ሐኪም ግን ያውቀዋል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። አራተኛ ልጇን የምታምጥ እናት ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎላት ትደርሳለች። የማህፀኗ አፍ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኗል። የጽንሱ ጭንቅላት ዳሌው ውስጥ ገብቷል፤ ነገር ግን በጭንቅላቱ ላይ ከተፈጠረው እብጠት የተነሣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ በጣት ለመለየት ያስቸግራል። የልብ ምቱ ከእያንዳንዱ ቁርጠት በኋላ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎም ይመለሳል። በማዋለጃ ክፍሉ ያለችው የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ናት። የሦስተኛ ዓመቱ ሬዚደንት ከማህፀን ውጭ በተፈጠረ እርግዝና ሆዷ ውስጥ ደም የፈሰሰባትን ሴት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እየሠራ ነው። ሲኒየሩ ቤታቸው ናቸው።

ሁለት መንገድ አላት። በቫኩም መሳብ አንዱ ነው፤ የጭንቅላቱ አቀማመጥ በትክክል ካልታወቀ ግን መሣሪያው ሊንሸራተት፣ ሕፃኑንም ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው። ነገር ግን በዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ምጥ ሳይጀምር ወይም ገና እንደጀመረ እንደሚሠራው አይደለም፤ ጭንቅላቱ ዳሌው ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ይላል፤ የሳሳው የማህፀን የታችኛው ክፍል ወደ ጎን ይተረተርና የደም ሥሮችን ይነካል። ዝም ብሎ መጠበቅም መንገድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ደጋግማ በወለደች ሴት ላይ የተደናቀፈ ምጥ ማህፀን እስከ መተርተር ሊያደርስ ይችላል። ልምድ ያለው እጅ በሁለት ደቂቃ ምርመራ የሚፈታው እንቆቅልሽ ነው። ሬዚደንቷ አዋላጅ ነርሷን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ትልካለች። የሦስተኛ ዓመቱ ሬዚደንት እጁ ከሆድ ውስጥ ሳይወጣ «እንደጨረስኩ እመጣለሁ» ብሎ ይመልሳል። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነው። አርባ ደቂቃ ያልፋል።

በመጨረሻ ቀዶ ሕክምናው ይሠራል። ሕፃኑ በጭንቅ ይወጣል፣ በአየር ማገዣ ይተነፍሳል። የማህፀኑ ቁስል ወደ ግራ ይቀደዳል፣ ብዙ ደም ይፈስሳል፤ ባል ለደም ባንክ ወረቀት ይዞ ይሮጣል። ማለዳ በሚቀርበው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «በተራዘመ ሁለተኛ የምጥ ደረጃ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጓል፤ የማህፀን ቁስል መሰንጠቅ ነበረው፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው» የሚል ነው። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። አርባው ደቂቃ ግን የለበትም።

እዚህ ላይ ተመራማሪን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በሆስፒታሎች ላይ የሚሠሩ በርካታ የማስተርስ ጥናቶች መረጃቸውን የሚያገኙት ከታካሚ ካርድ ነው። ካርዱ ቀዶ ሕክምና የተወሰነበትን ሰዓትና ሥራው የተጀመረበትን ሰዓት ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ይለካል፣ በሠንጠረዥ ይቀርባል። ማመንታቱ የሚውለው ግን ከውሳኔው በፊት ነው። ያልተወሰነ ነገር በካርድ ላይ ሰዓት የለውም። ስለዚህ የካርድ ጥናት የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ሬዚደንቷ ስልኳን አውጥታ መልሳ ኪሷ የከተተችበትን ቅጽበት ሊያሳይ አይችልም። ያንን ማወቅ የሚቻለው ሠልጣኞቹን በመጠየቅ፣ በጥሞና በማዳመጥና ሌሊቱን አብሮ በማደር ነው። በመጠይቅ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር የሚሰጥ የድካም መለኪያም ይህን አይተካም፤ የደከመን ሐኪም ቁጥር ይነግረናል እንጂ ያ ሐኪም በዚያ ሌሊት ለምን እንዳልደወለ አይነግረንም።

ለምን አይደወልም? የመጀመሪያው መልስ የማዕረግ መሰላሉ ነው። ኢንተርኑ ለአንደኛ ዓመት ሬዚደንት፣ እርሱ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ ሦስተኛው ለአራተኛው ወይም ለዋና ሬዚደንቱ፣ እርሱም ለሲኒየሩ ይነግራል። እርከን መዝለል ነውር ነው። በቀን፣ ሁሉም በአንድ ወለል ላይ ባሉበት ሰዓት፣ ይህ ሥርዓት ያስተምራል። በሌሊት ግን እያንዳንዱ እርከን ደቂቃ ይበላል፤ አንዱ እርከን ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባ ደግሞ መሰላሉ ከመሃሉ ይሰበራል።

ሁለተኛው መልስ ስም አለው፤ ይሉኝታ ነው። ሐኪም ነጭ ጋዎን ስለለበሰ ይሉኝታውን ቤቱ ጥሎ አይመጣም። በታላቅና በታናሽ መካከል አንቱታ ባለበት ማኅበረሰብ ያደገ ሰው፣ ያስተማሩትንና ነገ ፈተና ላይ የሚቀመጡበትን ሰው ሌሊት ስምንት ሰዓት ቀስቅሶ «ይህን መለየት አቃተኝ» ማለት ከምርመራው በላይ ይከብደዋል። ሲኒየሩ በስልክ የሰጡት ትእዛዝ ከታካሚዋ ሁኔታ ጋር የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። መልሶ ደውሎ መከራከር «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚያሰኝ ነውና። ተረቱ የተፈጠረው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ በማዋለጃ ክፍል ሲነገር ቃል በቃል ይሠራል፤ በዚያ ሰዓት ምጡን እያየች ያለችው ታናሿ ናት።

ሦስተኛው የማለዳው ስብሰባ ነው። ሞርኒንግ ሴሽን የሥልጠናው ልብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በጥሩ መምህር እጅ ሲሆን የሌሊቱ ሥራ ሁሉ እዚያ ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን በብዙ ቦታ ሬዚደንቱ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፣ በእኩዮቹና በኢንተርኖቹ ፊት ቆሞ የሚወጠርበት መድረክም ነው። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ ያዋለችው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ስም ባለመጥቀስና ባለመውቀስ መርህ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሳምንቱ አንድ ቀን ያለ ወቀሳ የሞት መንስኤ ይመረመራል፤ በቀሪዎቹ ማለዳዎች ያው ሰው ለተመሳሳይ ጉዳይ ቆሞ ይወቀሳል። ሠልጣኙ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚማር መገመት አያስቸግርም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሬዚደንቱ ሌሊት የሚወስነውን ነገር ከታካሚዋ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጠዋት ከሚያቀርበው ሪፖርት አንጻርም መመዘን ይጀምራል።

ሲኒየሮቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። የመንግሥት ሆስፒታል ስፔሻሊስት ደመወዝ ቤተሰብ ስለማያስተዳድር፣ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ በግል ክሊኒክ ይሠራሉ፤ ሌሊት ሲጠሩ የትራንስፖርቱ ነገር የራሳቸው ጣጣ ሆኖ የሚቀርበት ቦታ አለ፤ ሆስፒታል ውስጥ ማደር ቢፈልጉ የሚተኙበት ክፍል የለም። በ2011 ዓ.ም. የሕክምና ባለሙያዎች አደባባይ ያወጧቸው የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄዎች የሬዚደንቶች ብቻ አልነበሩም። ስልክ የሚያነሡ፣ በመኪናቸው ገሥግሠው የሚደርሱ ሲኒየሮችም አሉ፤ ሬዚደንቶች ስማቸውን ለቀጣዩ ዓመት ሠልጣኝ ያወርሳሉ። ችግሩ ጥሪው በሲኒየሩ ቸርነት ላይ መንጠልጠሉ ነው። የዛሬ ሌሊት ተረኛ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የእናቲቱን ዕድል መወሰን አልነበረበትም።

የሠልጣኙ ሎግ ቡክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሎግ ቡኩ የሚቆጥረው የተሠራውን ነው፦ ይህን ያህል ቀዶ ሕክምና፣ ይህን ያህል የማህፀን ማውጣት፣ ይህን ያህል የፅንስ መጨንገፍ ሕክምና። መቼ ርዳታ እንደተጠራ፣ በተጠራበት ጊዜም መምህሩ ምን እንዳስተማሩ የሚሞላበት ዓምድ የለውም። በመሆኑም ሬዚደንቱ ብቻውን የሠራው ሁሉ ነጥብ ይሆንለታል፤ ጠርቶ የተማረው ግን ከስሙ ላይ እንደተቀነሰ ይቆጠራል። ውጤቱ በእጅ ሥራም ይታያል። ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ሰው በፍጥነት የሚካነው ቀዶ ሕክምናን ነው፤ ደጋግሞ ይሠራዋልና። ቫኩም፣ በመቀመጫ የሚመጣን ጽንስ ማዋለድ፣ ተቀርቅሮ የቀረን ጭንቅላት ያለ ጉዳት ማውጣት ግን አጠገብ ያለ አዋቂ እጅ ይፈልጋሉ። ያ እጅ በሌለበት ሬዚደንቱ በሚያውቀው መንገድ ይሄዳል፤ መንገዱም ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ወሊዶች 2ቱ ብቻ በቀዶ ሕክምና ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 ነበሩ። የልዩነቱ መንስኤ ብዙ ነው፤ በሥልጠና ብቻ አይገለጽም። ቢሆንም ሬዚደንት በምን እንደሚተማመንና በምን እንደማይተማመን መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ የተሰፋ ማህፀን የሚቀጥለውን እርግዝና ሁሉ ይከተለዋልና፤ የጠባሳ መተርተር፣ የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ መጣበቅ፣ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ሬዚደንቱ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

በሙያው ውስጥ የሚሰማ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ተመራቂው ወደ አንድ የዞን ሆስፒታል ሲመደብ፣ የአገልግሎት ግዴታውን ሲፈጽም፣ የሚደውልለት ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ከአሁኑ ብቻውን መወሰን ይልመድ ይባላል። ተቃውሞው በእውነታ ላይ የቆመ ነው። በሩቅ ሆስፒታል አንድ ስፔሻሊስት፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሚሰለጥኑት የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ብቻ የተሞላ ማዋለጃ ክፍል እንዳለ ሁሉም ያውቃል። መደምደሚያው ግን ተቃራኒ መሆን ነበረበት። ነገ ብቻውን የሚቆም ሰው ዛሬ በአራት ዓመቱ ውስጥ ከማንም በላይ አዋቂ እጅ አጠገቡ ሊኖረው ይገባል። ሳይታረም ብቻውን የደጋገመው ሰው የተማረው የራሱን ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ያንንም ወደ ዞን ሆስፒታሉ ይዞ ይሄዳል፣ ለመኮንኖቹም ያስተምራል። ደግሞም ብቻውን ያለ ሐኪም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ችሎታ አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅና በጊዜ ሪፈር ማድረግ ነው። ይህ ችሎታ የሚዳበረው «እስከዚህ እችላለሁ፣ ከዚህ በኋላ እጠራለሁ» ማለት በሚቻልበት ሥልጠና ውስጥ ነው።

ስለ ሴት ሬዚደንቶች በቅንፍ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ቢሆንም። የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሬዚደንቷ ግን ፈቃዱን ስትወስድ ተራዋ በጓደኞቿ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ የሥልጠና ጊዜዋም ይራዘማል። በዚህም የተነሣ ለሌሎች እናቶች ዕረፍት የምታዝዝ ሐኪም፣ በስምንተኛ ወሯ ሌሊት ቆማ ስታድር ይታያል። ይሉኝታ እዚህም አለ።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስል፣ ሀብታም በሆነው የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ውስጥ በዶና ኦከንደን የተመራው ምርመራ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ በአንድ የሆስፒታሎች ተቋም በእናቶችና በሕፃናት ላይ ከደረሱት ጉዳቶች ጀርባ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ አሳሳቢ ሁኔታን ወደ በላይ ሐኪም በጊዜ አለማድረስ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2020 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት በሲኒየር ሐኪም የሚመራ የማዋለጃ ክፍል ጉብኝት በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀናት እንዲደረግ ጠይቋል። የብሪታንያ የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ደግሞ በ2021 ሲኒየር በአካል መገኘት ያለበትን ሁኔታ ዘርዝሮ አውጥቷል፤ ኤክላምፕሲያ፣ የእናት ራስን መሳት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ ከእነርሱ መካከል ናቸው።

ከዚህ ሊወሰድ የሚችለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው አይደለም። ሲኒየር ሁሉ ሆስፒታል ይደር ማለት ክፍል፣ ክፍያና የሰው ኃይል ይጠይቃል፤ ይደረግ ዘንድ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም ነገ የሚሆን አይደለም። ዝርዝሩ ግን ነገ ሊጻፍ ይችላል። እያንዳንዱ የሥልጠና ክፍል «በእነዚህ ሁኔታዎች ሲኒየር ይጠራል» የሚል አጭር ጽሑፍ ያውጣ፦ የማህፀን አፍ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ የሚወሰን ቀዶ ሕክምና፣ ከአንድ ሊትር በላይ የፈሰሰና ያልቆመ ደም፣ የተጠረጠረ የማህፀን መተርተር፣ መናወጡ ያልቆመ የኤክላምፕሲያ ታማሚ፣ ሆድ መልሶ መክፈት። መደወል ግዴታ ሲሆን የድክመት ምልክት መሆኑ ይቀራል፤ ሬዚደንቷ የምታስቸግረው ሰው አይኖርም፣ የምትፈጽመው መመሪያ ነው። የሦስተኛ ዓመቱ ሬዚደንት በቀዶ ሕክምና ላይ ከሆነም መሰላሉን መዝለል እንደሚፈቀድ በዚያው ይጻፍ። ሲኒየሩም የሚመጡት ተለምነው አይሆንም፤ ጥሪው በተረኝነት ክፍያቸው ላይ ተመዝግቦ ሊታሰብ ይችላል።

ሎግ ቡኩም አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ የተደወለበት ሰዓት፣ ሲኒየሩ የደረሱበት ሰዓት፣ ያስተማሩት ነገር። ያ ዓምድ ከተሞላ ከሁለት ዓመት በኋላ የካርድ ጥናት የማያየውን አርባ ደቂቃ የሚፈልግ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚቆጥረው ነገር ያገኛል። ዝርዝሩ ደግሞ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከማግኒዥየም ሰልፌት አሰጣጥ መመሪያው አጠገብ፣ ከተረኛው ሲኒየር ስልክ ቁጥር ጋር ሊለጠፍ ይችላል።